ጋሽ በየነ በሬዲዮ የሞቱበት ቅዳሜ

አጭር ሞገድ ላይ ጣቢያ ስትፈልጉ አንድ ሰው እንደ ዳክዬ ሲንጫጫ ሰምታችሁ «ይሄ ደግሞ ምን እያለ ነው?» ሳትሉ አልቀራችሁም። ባለፈው ቅዳሜ ያ ዳክዬ የወጣው ከእኔ እጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ በሬዲዮ ሲላክ ግራና ቀኝ ሁለት መንታ ጎን ያወጣል፤ ሁለቱም የሚያወሩት አንድ ነገር ነው። ስለዚህ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ብቻ መላክ ኃይል ይቆጥባል። በየክፍለ ሀገሩ ጤና ጣቢያዎች ያሉት የጉለሌው መሥሪያ ቤታችን ትርፉን ጎን የሚያስቀረው በክሪስታል ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው ከተበላሸ ከውጭ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

እኔ ደግሞ አምና የተመረቅሁ ነኝ፤ መጠበቅ አልችልም። ያለ ማጣሪያም ይቻላላ! ድምፁን ለሁለት ትከፍላለህ፣ አንዱን ሩብ ዙር ታዘገያለህ፣ መልሰህ ስትደምራቸው አንደኛው ጎን ራሱን በራሱ ያጠፋል። ከተጣሉ ሬዲዮዎች ዕቃ ለቃቅሜ ሠራሁት። አለቃዬ ካመኑበት ለየጣቢያው እንሠራለን ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤተሰብ ስልክ በሌለበት ጣቢያ ከሚሠሩ ልጆቹ ጋር በሬዲዮ እንዲነጋገር ይፈቀድለታል። እትዬ ሸዋዬ የሽሮ ሜዳ ጎረቤቴ ናቸው። ልጃቸው ዘነበች የእኛው ነርስ ናት፣ ኢሉባቦር ነው ያለችው። ባላቸው ጋሽ በየነ፣ ሸማኔው፣ ክፉኛ ታመው ነበር። ዘነበች መታመማቸውን ሰምታለች... መዳናቸውን ግን አልሰማችም። እትዬ ሸዋዬ የመጡት «አባትሽ ድኗል» ለማለት ብቻ ነው።

በእኔ መላኪያ እንዲናገሩ ለመንኳቸው፤ ከውጭ ከመጣው አሮጌ መላኪያ እንደሚበልጥም ነገርኳቸው። አለቃዬም አልከለከሉኝም።

እትዬ ሸዋዬ ማይክሮፎኑን እንደ ጧፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ተናገሩ። መልሱ ቆይቶ መጣ፤ በሬዲዮ ተናጋሪው ሲጨርስ «ኦቨር» ይላል።

«እማዬ? ምንም አልገባኝም... እያለቀስሽ ነው? ኦቨር።»

«የእሷ መቀበያ ነው፤ ጮክ ብለው ይድገሙት» አልኩ። አዎ... እንደዚያ ብያለሁ። ጮክ ብለው ደገሙት።

«አባዬ ሞቷል አይደል? ኦቨር።»

መቀበያችን አሮጌው ስለሆነ ልቅሶዋ ጥርት ብሎ ይሰማናል። የሚንጫጫው የእኛ ብቻ ነው።

አለቃዬ ማይክሮፎኑን ከእኔ መላኪያ ነቅለው አሮጌው መላኪያ ላይ ሰኩት። አሁን የእትዬ ሸዋዬ ድምፅ ደረሰ፦ «አባትሽ ደህና ነው ልጄ፣ ምንም አልሆነም።»

ይባስ! ሰው ሲሞት ሩቅ ላለ ልጅ የምንለው ይህንኑ አይደል? አለቃዬ ተቀብለው በዚያ የስብሰባ ድምፃቸው አባቷ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ሲያስታውቁማ፣ በቃ፣ መርዶውን አጸደቁት። ዘነበች በማግስቱ ጠዋት በሚወጣው የጭነት መኪና እንደምትነሳ ነገረችን። ክረምት ነው፤ ወንዞቹ ሞልተዋል። እትዬ ሸዋዬ «አባቷን ራሱን አምጣላት!» አሉኝ።

በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ሽሮ ሜዳ በረርኩ። ጋሽ በየነ ጉልበታቸው ገና አልጠናም፤ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ደግፌ አመጣኋቸው። መንገድ ላይ የሆነውን ነገርኳቸው።

«ዘነቡ፣ እኔ ነኝ» አሉ ማይክሮፎኑን ይዘው። «አልሞትኩም። በዚህ ዝናብ ንቅንቅ እንዳትይ።»

ከዚያ ሌላ ዓይነት ልቅሶ መጣ... «እሺ አባዬ... ኦቨር።»

ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «የእውነት ስሞትስ በየትኛው መላኪያ ልትነግሯት ነው?»

ምነው በተቆጡኝ!

በኋላ ስፈትሸው ሁለት ሽቦ አቀያይሬ ኖሯል። እሷ የምታዳምጠው ጎን ጠፍቶ ሌላው ነው የተላከው። ወርክሾፕ ውስጥ ስሞክረው ጥርት ያለልኝ፣ መቀበያውን ራሴ ወደዚያው ጎን ስላዞርኩት ነው። ይህን ለአለቃዬ ስናገር እንኳ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። አሁን በእነ ጋሽ በየነ በር ላለማለፍ በቁስቋም ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው።

ሽቦዎቹን መልሻቸዋለሁ። አሁን ይሠራል... እውነቴን ነው፣ ይሠራል። ጣቢያ ላይ ዘመድ ያላችሁና ልትሞክሩልኝ የምትፈቅዱ እስቲ ጻፉልኝ። ቤታችሁ ውስጥ የታመመ ሰው ከሌለ ብቻ።