ጋሽ ደበላ በገመዱ ሥር ያለፉ ቀን

ታደሰ ጠዋት ደውሎ «ጋሽ ደበላ አረፉ» አለኝ። «የትኛው ጋሽ ደበላ?» አልኩት። ሌላ ጋሽ ደበላ አላውቅም። እሱም አያውቅም። 

ትናንት ከሰዓት እኮ ገርጂ፣ እኔ ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ስለ አንዲት ውርንጭላ የኋላ እግር ተጨቃጭቀን፣ እንደ ልማዳቸው ረትተውኝ ነው የሄዱት።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ ደበላ ከሰሚት ወዲያ ባለ ጋጣ የውድድር ፈረሶችን ያበሉ፣ ያጥቡ፣ ጎህ ሲቀድ እያወጡ ያሯሩጡ ነበር። በውድድር ቀን ጋልበው አያውቁም። የውድድር ቀን የሚጋልበው እንደ እኔ ያለው ነበር። በድምፅ ማጉያ ስሙ የሚጠራውም እንደ እኔ ያለው።

ከነፈረስ ሽታቸው ታክሲ ይገባሉ። አንድ ቀን ረዳቱ «ፋዘር፣ የፈረሱንም ሒሳብ ይክፈሉ እንጂ!» ብሎ ሰው አሳቀባቸው።

«ፈረሱን ይዤው ብመጣ ያንተ መኪና ላይ ማን ይወጣ ነበር?» አሉት።

ከመገናኛ እስከ ገርጂ ታክሲው ሙሉ ሲስቅ ሄደ። ረዳቱም ጭምር።

አንድ አባባል ነበራቸው። «እጅህ ያላየውን ዓይንህ አላየውም።» ሁልጊዜ ጠዋት የእያንዳንዱን ፈረስ እግር ከላይ እስከ ታች በእጃቸው ይዳስሳሉ። ሙቀት ካገኙበት ተጎድቷል ማለት ነው፤ ያን ቀን አይወጣም። የጋጣው ባለቤት ቢቆጣም አይወጣም።

ባለቤቱ ደግሞ ይቆጣ ነበር። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ «አርጅተዋል፣ ይረፉ» ብሎ አሰናበታቸው። በምትካቸው የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ቀጠረ። ያ ሰው ታደሰ ነው። አዎ፣ ዛሬ ጠዋት የደወለልኝ ታደሰ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ውድድር ደረሰ። የምጋልባት ባዝራ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላላት ቦራ እንላታለን። ቦራ አንድ ተንኮል ነበራት። ኮርቻ ሲጫንባት ሆዷን ነፍታ ትይዛለች። በሆዷ ሥር የሚያልፈው ጠፍር የጠበቀ ይመስላል። ቆይታ ስትተነፍስ ይላላል። ጋሽ ደበላ አንዴ ካሰሩ በኋላ ትንሽ ያንሸራሽሯትና ደግመው ያጠብቁታል። ታደሰ ይህን አያውቅም። ማንም አልነገረውም።

እኔስ? ስድስት ዓመት እሳቸው እያሰሩልኝ ስጋልብ፣ አንድም ቀን እጄን ጠፍሩ ሥር አስገብቼ አላውቅም።

ወደ መነሻው ላመራ ስል፣ አንድ ሰው ከተመልካቹ መሐል ወጥቶ ሜዳውን በከለለው ገመድ ሥር ሾልኮ ሲሮጥ አየሁ። ጋሽ ደበላ ናቸው። ማንም አልጠራቸውም። ከሩቅ ሆነው ታደሰ አንዴ ብቻ ሲያስር አይተዋል።

«ወደ ኋላ አባት!» ጥበቃው ኮታቸውን ያዘ።

«ልቀቀኝ አንተ! ልጁ ሊወድቅ ነው!»

«ሽማግሌውን አውጡልኝ» አለ ባለቤቱ።

ኮቱን ለጥበቃው ትተውለት መጡ።

«ውረድ» አሉኝ።

«ጋሽ ደበላ፣ ሊጀመር ነው እኮ!»

«ውረድ አልኩህ! ጨዋታ ነው እንዴ?»

ወረድኩ። ጡጫቸውን በጠፍሩና በሆዷ መሐል ከተቱት። ሙሉ ጡጫ ገባ። ባለቤቱ አየ። ታደሰ አየ። 

«አንቺ ሌባ፣ ተንፍሺ» አሏት ቦራን። ጥቂት አንሸራሸሯት። ተነፈሰች። ጠፍሩን ሦስት ቀዳዳ ጨምረው አሰሩት።

«አሁን ሂድ። ብትሸነፍ ግን ጠፍሩ ነው እንዳትለኝ።»

መታጠፊያው ላይ ከጎኔ የነበረው ፈረስ ገጨን። ክብደቴ በሙሉ ቀኝ እርካብ ላይ አረፈ። ኮርቻው ቢዞር ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ አልነበርኩም። ኮርቻው ንቅንቅ አላለም። ቦራ ጆሮዋን አስተኝታ ሸመጠጠች። በአንድ ፈረስ ርዝመት አሸነፍን።

ባለቤቱ ልጓሟን ሊይዝ እጁን ዘርግቶ ሮጠ። አልፌው ሄድኩና ልጓሙን ለጋሽ ደበላ ሰጠሁ። በሸሚዝ ብቻ ቆመው ነበር። ያ ሁሉ ሰው አጨበጨበላቸው። ሲገቡ የከለከላቸው ጥበቃ እንኳ ኮታቸውን በብብቱ ይዞ ያጨበጭባል።

«ከነገ ጀምሮ ይመለሱ» አላቸው ባለቤቱ፣ ሰው እየሰማ።

«ከነገ? ዛሬስ ማን አንሸራሽሮ ላቧን ያበርድላታል?» ብለው ባዝራዋን ይዘዋት ሄዱ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ታደሰን ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ጋጣው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ጋሽ ደበላም ከነብሩሻቸው መጡ። «ደብተሩን አስቀምጥና እጅህን አምጣ» አሉት። እንደዚያ ተጀመረ። ዛሬ ከሰሚት እስከ ለገጣፎ ባሉ ጋጣዎች ፈረስ የሚያጥበውም፣ ጠዋት የሚያሯሩጠውም፣ አብዛኛው እሳቸው እጁን ይዘው ያስተማሩት ነው። ፈረስን ባለቤቱ ይገዛዋል። የውድድር ፈረስ የሚያደርጉት ግን እነዚህ ናቸው።

ነገ ሁሉም ቀብር ይመጣሉ። ስለዚህ ነገ ጠዋት ለልምምድ የሚወጣ ፈረስ የለም። አንድ የፈረስ ባለቤት ቅድም ደውሎ «ታዲያ የኔን ማን ያሯሩጥልኛል?» አለኝ።

«ራስህ ሞክረው» አልኩት።

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

ጋሽ ደበላ፣ ነገ ትንሽ ብንዘገይ አይቆጡን። ፈረሶቹን አብልተን፣ ውሃ አጠጥተን ነው የምንመጣው። ጦማቸውን ትተናቸው ብንመጣ ከሳጥኑ ተነስተው ያባርሩን ነበር።

ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።