በባቡር በር ላይ «ይግቡ፣ ይግቡ» ስንባባል

የዚያን እሑድ አብረን የነበርነው እኔ፣ የስድስት ዓመት ልጄ፣ ከአገር ቤት ከመጡ ገና ሦስት ሳምንት የሆናቸው የባለቤቴ አክስትና አባባ የምንላቸው የጎረቤታችን አባት ነበርን። ባለቤቴ ሥራ ገብቷል። ከከተማው ዳር ስካርቦሮ በሚባለው ሰፈር ክርስትና ተጠርተን ውለን ወደ ቤታችን ወደ ክሬሰንት ታውን መመለሳችን ነው።

እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቶሎ ስለማይነበብልኝ ጣቢያዎቹን በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር የምሄደው። ልጄ ትጠፋብኛለች ብዬ ስለምሰጋም፣ አድራሻችንን በወረቀት አስጽፌ ካፖርቷ ውስጥ በመርፌ ቁልፍ አያይዤዋለሁ። «ከጠፋሽ ከቆምሽበት እንዳትንቀሳቀሺ» እያልኩ ጠዋት ማታ እነግራታለሁ።

ጣቢያው ከመኪና ድልድይ ሥር ያለ፣ ሰው የማይበዛበት፣ ነፋስ የሚያፏጭበት ነው። ባቡሩን ስንጠብቅ አባባ ከልጃቸው የሰሙትን ይነግሩን ጀመር።

«በሐዲዱ መሐል የተነጠፈውን ብረት አያችሁት? ይህ ባቡር በማግኔት ነው የሚሳበው።»

«በማግኔት?» አሉ አክስታችን ደንግጠው። «እንግዲያው የቤት ቁልፌን ልያዝ።»

«ቁልፉን ይተዉት፤ ይልቅ የወርቅ ጥርስዎን ይጠብቁ።»

«ወርቅ ማግኔት አይነካውም! እርስዎ ያንን ጫፉ ብረት የሆነ ከዘራዎን አጥብቀው ይያዙ።»

እየሳቅን ባቡሩ መጣ። በሩ ሲከፈት ልጄ ዘላ ገባች። የምግብ ዕቃ ይዤ፣ አክስታችንን ስደግፍ፣ እጇን ለቅቄያት ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆሙ።

«ይግቡ፣ እመቤቴ።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ! ታላቅ እያሉ?»

«በሞቴ ይግቡ።»

«ሞትዎን ለጠላትዎ ያድርገው! አልገባም።»

ታላላቆቼን ቀድሜ መግባት ነውር መስሎኝ ከኋላቸው ቆሜ ጠበቅሁ። ደወሉ ጮኸና በሩ ተዘጋ። ልጄን መስተዋቱ ላይ እጇን ለጥፋ አየኋት፤ ባቡሩ ይዟት ሄደ።

ጮኽኩ። የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ በጥፋቱ ይሻሙ ጀመር፤ «የእኔ ጥፋት ነው»፣ «የለም፣ የእኔ ነው»። ከቆምሽበት አትንቀሳቀሺ ማለቴ ትዝ አለኝ። የቆመችው እኮ ባቡሩ ውስጥ ነው!

የሚቀጥለው ባቡር እንደ መጣ አባባ ዞር ብለው ለአክስታችን «እንግዲህ እርስዎ...» ሊሉ ሲጀምሩ፣ ነውር ሳልል ሁለቱንም ከኋላ ገፍቼ አስገባኋቸው።

በሚቀጥለው ጣቢያ የልጄ ቀይ ኮፍያ ታየኝ። የአገራችን ልጅ የሆነች፣ ነጭ የሥራ ጫማ ያደረገች ሴት እጇን ይዛ ቆማለች። በሩ ላይ ቆሜ ስጠራቸው ሮጠው ገቡ።

«ልጅሽ አልወርድም ብላ አስቸገረችኝ» አለችኝ ሴትየዋ እየሳቀች። «"ማሚ አትንቀሳቀሺ ብላኛለች" ብላ ምሰሶው ላይ ሙጭጭ! በኋላ ግን "እናትሽ በሚቀጥለው ትመጣለች" ብዬ በአማርኛ ብነግራት እሺ አለችኝ።»

ልጄ እኔን አየችኝና «ማሚ፣ በጣም ስሎው ናችሁ» አለች።

እኔ ልጄን አቅፌ አለቅሳለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ምርቃቱን ጀመሩ። አባባ ሲጨርሱ አክስታችን፣ አክስታችን ሲጨርሱ አባባ እየተቀባበሉ፣ ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ «አሜን፣ አሜን» እያለች የመጨረሻው ጣቢያ ኬኔዲ ደረስን። በሩ ሲከፈት «ሥራ ረፈደብኝ!» ብላ ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

«ስሟን ጠየቅሻት?» አሉኝ አክስታችን።

«እናንተ መቼ ፋታ ሰጣችሁኝ?»

ይህች ሴት ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ረጅም፣ ጠይም፣ ፍንጭት ናት፤ አነጋገሯ የጎጃም ነው። በዘጠናዎቹ በዚያ መስመር እሑድ ሥራ ትገባ ነበር። የት እንዳለች፣ ደኅና መሆኗን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።