ቀመሩ የዘለላቸው የሼህ ልጆች

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ከኮምፒዩተሯ ሳትነሣ ዋለች። ምን እንደምትሠራ ብጠይቃት፣ «ኤችቲኤምኤል ከሚባለው የድረ ገጽ ኮድ ውስጥ ጽሑፉን ብቻ በቀመር እየለቀምኩ ነው፤ ትንሽ ትንሽ ያመልጠኛል እንጂ ደህና ነው» አለችኝ።

«ያመለጡት እነማን ናቸው?» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ኢንተርኔት መካነ ሰላም በገባ ሰሞን የልጆች እናት ብሆንም ጉልበቴ ገና ብርቱ ነበር። ታናሽ እህቴ ዘሃራ ለመምህርነት ሥልጠና ተፈትና ስታበቃ፣ ያለፉት ስም በድረ ገጽ ወጣ ተባለና ከከላላ በበቅሎ ተነሣን። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ ዳገቱ በአደይ ቢጫ ሆኗል። የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠምን ሄድን። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ስለቀረሁ የእሷ መማር ለእኔም ነበር። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ደሴ የሚወጣው መኪና ካመለጣት የኮሌጁ ምዝገባ ያልፋታል።

መካነ ሰላም ስንደርስ፣ ኮምፒዩተር ቤቱ በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ስሟ የለም። ዘሃራ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ገባሁ።

«ወንድሜ፣ ይሄን ወረቀት ማን ጻፈው?»

«ከድረ ገጹ በቀመር ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ፣ መስፍን የሚባለው ባለሙያ። «ማሽን አያዳላም፣ እቴ።»

«ማሽኑስ አያዳላ ይሆናል። ያዘዝከው ግን አንተ ነህ። የእህቴ ስም እንዳለ ልይ፤ ዋናውን ገጽ አሳየኝ።»

ከኋላዬ ከተሰለፉት አንዱ፣ «ይቺ ሴት በቅሎዋንም ልታስገባ ነው» አለ።

«ካስፈለገ አስገባታለሁ» አልኩት።

መስፍን ገጹን ከፈተ። በኮዱ ምልክቶች መሐል «ዘሃራ ሼህ ሙሐመድ እንድሪስ» ይላል። ቃላቱን በጣቱ ቆጠረ። ቀመሩ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም፣ ሦስት ቃል ብቻ ያለበትን መስመር እንዲለቅም የታዘዘ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ቁርአን የሚያስቀራ ሰው «ሼህ» ሳይባል አይጠራም፤ ልጁም ትምህርት ቤት ሲገባ እንደዚያው ይመዘገባል። አራት ቃል የሆነው ሁሉ ቀርቷል።

«አብሽሪ፣ እህትሽ አልፋለች» አለኝ። ስሟን በእስክሪብቶ ሊጨምር ሲነሣ ክንዱን ያዝኩት።

«የሌሎቹስ?»

«መጥተው ይጠይቁ።»

«አልቅሶ ወደ ቤቱ የተመለሰው በምን አውቆ ይጠይቅሃል? ወላሂ ከዚህ አልነሣም።»

ተቀመጥኩ። ፊቱን አጥቁሮ ቀመሩን አስተካከለና እንደገና አወጣ። የሼህ ልጆች መጡ፣ የሐጂ ልጆች መጡ፣ የመሪጌታ ልጅም ተገኘ። ያኔ መስፍን አዲሱን ወረቀት ለጥፎ ሲያበቃ፣ ማንም ሳያዘው ወደ መናኸሪያ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። የተዘለሉትን ስም እየጠራ፣ ወደ መንደሯ ማሻ ልትመለስ የተሳፈረች አንዲት ልጅ ከሚኒባስ አስወረደ። በማግሥቱ ከዘሃራ ጋር አንድ መኪና ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ።

የማይስት ቀመር ይኖራል ብዬ አላምንም። ተመልሶ የሚያይ ሰው ግን አይቻለሁ፤ ሚኒባሱ አጠገብ ቆሞ፣ ላቡን እየጠረገ፣ የማያውቃትን ልጅ ከነአባቷ ማዕረግ አሟልቶ ሲጠራ።