ፈጥኖ ደራሹን ሲጠብቁ

ፈጥኖ ደራሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስንት ሰው ጠይቆኛል መሰላችሁ! መንግሥት በተለወጠበት ክረምት ውትድርናው አበቃልኝና ወደ መንደሬ ገባሁ። መንደሬ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሁለት ሰዓት በእግር ነው። በሳምንቱ ሰንበቴ ላይ ተቀምጠን የንስሐ አባታችን «የትኛው ጦር ውስጥ ነበርህ ልጄ?» አሉኝ።

«ፈጥኖ ደራሽ እግረኛ ነበርኩ፣ አባ።»

ጠላው ሁሉ ቆመ። ምነው ያን ጊዜ አፌን ዳቦ በሞላው!

እውነቱን ልንገራችሁ። ፈጥኖ ደራሽ ማለት መድፍ የማይጎትት፣ መኪና የማይጠብቅ፣ ጥይቱንና ኮዳውን፣ ኮቾሮ የምንለውን ትንሽ ደረቅ ብስኩትም ይዞ ገደል ለገደል እየቆረጠ ጠላት ሳያስበው የሚደርስ ጦር ነው። ጦሩ እንዲያ ነው። እኔ ግን የጦሩ ወጥ ቤት ነበርኩ። ድስትና በርሜል በበቅሎ ጭኜ ከኋላ እከተላለሁ። እነሱ ደርሰው፣ ተዋግተው፣ ቦታውን ለቀው ሲሄዱ እኔ እደርሳለሁ። አንድ ቀን ምሳ ይዤ የደረስኩት በማግስቱ ነው። ሻምበሉ ድስቱን ከፍቶ አየና «ይኼ ምሳ ነው ወይስ የኛ ተዝካር?» አለኝ።

ይህን ለሰንበቴው ሰው አልተናገርኩም። በቅሎዋም እግዜር ይስጣት፣ አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲያ ስሜ ፈጥኖ ደራሽ ሆኖ ቀረ። መርዶ ለማድረስ እኔ፣ ቄስ ለመጥራት እኔ፣ በሬ ሲጠፋ እንኳ «ፈጥኖ ደራሽ ይላክ!» ነው። አንዴ መርዶ ይዤ ፈረስ ቤት ከተማ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ ለቅሶው ቀድሞኛል፤ የገበያ ሰው ነግሯቸው አልቅሰው እንኳ ከጨረሱ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። ተመልሼ «አደረስኩ» አልኩ፤ ውሸትም አይደል። በስድስት በሰባት ዓመት ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር መንቋቋት ጀመረ። ደከመኝ ማለት ግን አልቻልኩም። ፈጥኖ ደራሽ ይደክመዋል እንዴ?

አንድ ሐምሌ ታናሽ እህቴን ምጥ ያዛት። በሁለተኛው ቀን አዋላጇ ሴትዮ እጃቸውን እየጠረጉ ወጡና «ከኔ አቅም በላይ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አድርሷት» አሉ። የእድሩ ሰዎች ቃሬዛውን አመጡ። በኛ አገር ቃሬዛ ሲነሳ አንድ ሰው ቀድሞ ይሄድና አስፋልቱ ላይ መኪና ለምኖ ያስቆማል፤ ተሸካሚዎቹ ሲደርሱ ታማሚውን ጭኖ መሄድ ነው። ማን ይቅደም ተብሎ አልተጠየቀም። ሁሉም ወደኔ ዞረ።

የእህቴ ባል ክንዴን ያዘኝ። «አያ፣ አንተ እያለህ ምን እፈራለሁ» አለኝ።

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ከመንደራችን እስከ አስፋልቱ መሀል ወንዝ አለ፤ ቃሬዛው ከታች ባለው ድልድይ ዞሮ ነው የሚሄደው። እኔም በድልድዩ ብሄድ እቀድማቸው ነበር፤ እነሱ ሰው ተሸክመዋል፣ እኔ ዱላ ብቻ ነው የያዝኩት። ግን ፈጥኖ ደራሽ ተብሎ በድልድይ መዞር ነውር መሰለኝና በወንዙ ልቁረጥ አልኩ። ወንዙ ሞልቷል። እስከ ጉልበቴ ገባሁ፣ እስከ ወገቤ ገባሁ፣ ከዚያ እሱ ይዞኝ ሄደ። ኮንጎ ጫማዬን ወስዶ እኔን አንድ ቁጥቋጦ ላይ ጥሎኝ አለፈ፤ ያውም በመጣሁበት በኩል። ጭቃውን በእጄ እየቧጠጥኩ ወጣሁና ወደ ድልድዩ ተመለስኩ። እንግዲህ ቃሬዛው ከፊቴ ነው፣ እኔ ከኋላው።

አስፋልቱ ጋ ስደርስ ቃሬዛው ዋርካ ሥር ተቀምጧል። ሰዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ፍኖተ ሰላም አዙረው መንገዱን ያያሉ። እኔ በጀርባቸው መጣሁ። መጀመሪያ ያየችኝ እህቴ ናት፤ በጎኗ ተኝታ ፊቷ ወደኔ ነበር።

«አያ… ከየት ነው የምትመጣው?»

ሁሉም ዞሩ።

«መኪናውስ?» አለ ባሏ።

«የምን መኪና?»

«ስናጣህ ከተማ ድረስ ዘልቆ መኪና ሊያመጣ ነው አልን እኮ!» አለ አንዱ ተሸካሚ። «ሁለት ኢሱዙ አለፈን፤ ፈጥኖ ደራሽ ይዞ ይመጣል ብለን እጃችንን እንኳ አላነሳን!»

የእህቴ ከንፈር ደርቆ ተሰንጥቋል። አመድ መስላለች። ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ፦ «እኔ እኮ ወጥ ቤት ነበርኩ።»

ማንም አልሳቀም። ጠበል ይዘው አብረው የመጡት የንስሐ አባታችን «ንስሐውን ኋላ ትገባለህ፤ አሁን ያዝ!» አሉኝ።

ያዝንና በእግራችን ወደ ፍኖተ ሰላም ጉዞ ጀመርን። ከዚያ በኋላ አንድም መኪና አልቆመም። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሸክሙን መንገድ ዳር እያስቀመጠ ያግዘናል፤ ቃሬዛ ያየ ዝም ብሎ አያልፍም። እኔ አጭር ስለሆንኩ ቃሬዛው በኔ በኩል ያዘነብላል። ትከሻዬ ተላጠ፣ ግን አለቅም አልኩ።

«አያ፣» አለች እህቴ በዚያ ምጥ መሀል፣ «ወዳንተ እየተንሸራተትኩ ነው። በማርያም፣ ለረጅም ሰው ስጥልኝ።»

ሰጠሁ። በባዶ እግሬ ከኋላ እከተል ጀመር። በድስት ጊዜም እንዲህ ነበርኩ፤ ድስት ግን አያቃስትም።

ሆስፒታሉ ስደርስ እሷ ገብታለች። ግንቡ ሥር ተቀመጥኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዲት ነርስ ወጣችና በቁጣ «የት ተቀምጣችሁ ነበር እስካሁን? ጥቂት ብትቆዩ ኖሮ ሁለቱንም አጥተናቸው ነበር!» አለች። ሁለቱም ተርፈዋል ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። የንስሐ አባታችን «መንገዱ ነው ልጄ፣ ክረምት ነው» አሏት። እኔን አልጠቀሱም። ቢጠቅሱኝ በወደድኩ።

የእህቴ ባል ልጁን አይቶ ወጣና ከጎኔ ተቀመጠ። እግሬ ላይ የደረቀውን ጭቃ ያያል።

«አያ፣ ፊቱኑ ብትነግረን ምን የምንልህ መስሎህ ነው?»

«ትስቁብኝ ነበር።»

«አዎ፣ እንስቅብህ ነበር» አለ።

ከጎኔ ግን አልተነሳም።