«ቀጭን ነው፣ አይቆጠርም»

ቆጥሮ የሚሳሳት ሰው አያስቆጣኝም። መቁጠር ሰልችቶት «ያው ነው» የሚል ግን ያንገሸግሸኛል። ሞጆ ያለ አንድ ቢሮ ልጄን ሊያባርራት የነበረው በእንዲህ ያለ ሰው ምክንያት ነው።

ቢሮው የከባድ መኪናዎችን ጉዞ ይከታተላል። በየመኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያ «እዚህ ነኝ» የሚል አጭር መልእክት ወደ ሰርቨሩ ይልካል፤ ልጄ የጻፈችው ፕሮግራም ያነበዋል። ከሰዓት በኋላ በደረቅ ወደቡ በር ላይ ሰልፉ ሲረዝም ሰርቨሩ ሜሞሪ ያልቅበታል። ያኔ ከርነሉ፣ የማሽኑን ሥራ ሁሉ የሚያዘው እምብርት፣ ራሱን ለማትረፍ የልጄን ፕሮግራም ይገድላል። የቢሮው ባለቤት ሟቹን አይቶ ገዳይ አደረገው። «በሳምንቱ መጨረሻ ካላስተካከለች ትሂድ» አለ።

ቢሮው የራሱ ሊቅ ነበረው፤ የባለቤቱ የሚስት ወንድም። ሁሉም «ኢንጂነር» ይሉታል። እንደ እኔው ራሱን በራሱ ያስተማረ ነው፤ ልዩነታችን እሱ መምህሩን ተጠራጥሮት አያውቅም።

ከአዳማ ሄጄ ከልጄ ጋር ኮዱን ማንበብ ጀመርን።

«አባዬ፣ የፕሮግራሞቹን ሁሉ ብደምር የሜሞሪውን ግማሽ አይሞላም። ሌላውን ማንም አልያዘውም።»

«የያዘውማ አለ። በስሙ አልተጻፈበትም እንጂ።»

ስሕተቱ ያለበትን ቦታ ያገኘችው እሷ ናት፤ ለዩኒቨርሲቲ የከፈልኩት ለከንቱ አልነበረም። ከኔትወርክ የሚገባ እያንዳንዱ መልእክት እስኪነበብ የሚቆይበት ማረፊያ ይሰጠዋል፤ በፈር ይሉታል። መልእክቱ ጥቂት ፊደል ቢሆንም ማረፊያው ሰፊ ነው። ስለዚህ ከርነሉ በተቀባዩ ፕሮግራም ስም የሚመዘግበው ሙሉውን ማረፊያ ነው፤ ለፕሮግራሙ የተፈቀደው ገደብ ሲሞላም አዲስ መልእክት ይጥላል። ኢንጂነሩ ይህ ንፍገት መስሎታል። የኔትወርክ ካርዱን ኮድ ለውጦ የመልእክቱ ርዝመት ብቻ እንዲቆጠር አድርጓል። ከርነሉ ገና ብዙ ቦታ አለ እያለ ሲቀበል ሜሞሪው ጢም ይላል።

ጠራነው። እየሳቀ መጣ።

«ጋሼ፣ መልእክቷ እኮ ቀጭን ናት። ለእሷ ሙሉ ወንበር ልቁጠር?»

«ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች ወይስ አልተቀመጠችም?»

«ተቀምጣለች፣ ግን…»

«ግን የለም። አንተ የሚኒባስ ረዳት ነህ። ቀጭን ነው፣ አይቆጠርም እያልክ ትጭናለህ፤ ጎማው ሲፈነዳ ሹፌሩን ትሰድባለህ።»

ባለቤቱ ሳቀ፤ ኢንጂነሩም አብሮ ሳቀ። ማፈር ለማይችል ሰው ምን ይደረጋል?

ሂሳቡን እንደነበረው መለስነው። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ረዘመ፤ ሰርቨሩም አልወደቀም። ነገር ግን ከርነሉ ገደቡ ሞልቷል እያለ መልእክት ይጥል ጀመር። መኪናዎች ከካርታው ላይ ይጠፉ ነበር።

«ታዲያ የልጅዎ ጥፋት የለበትም ማለት ነው?» አለኝ ባለቤቱ።

ዝም ብል አዎ ማለት ነበር።

«አለበት» አልኩት። «ሰርቨሩን የጣለው የኢንጂነሩ ቆጠራ ነው። መልእክቱ የሚከማቸው ግን የእሷ ፕሮግራም ቀርፋፋ ስለሆነ ነው። አንዱን መዝግቦ ሳይጨርስ ሌላውን አያነብም።»

ልጄ ፊቷ ተለዋወጠ። «አባዬ፣ የማን ወገን ነህ?»

«የቆጠራው።»

ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ማንበቡን ከመመዝገቡ ለየችው፤ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ እንዲሠራ አደረገች። በማግስቱ ሰልፉ ሲረዝም አጠገቧ ቆሜ አየሁ፤ አንድም መልእክት አልወደቀም። ባለቤቱ «ትቆይ» አለ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ኢንጂነሩ ዛሬም ኢንጂነር ነው። ለማንኛውም ተጨማሪ ሜሞሪ ይገዛ ብሎ ሐሳብ አቅርቧል።

ወደ አዳማ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ረዳቱ በሩን ከፍቶ አንድ ሰውዬ እኛ ወንበር ላይ ሊጨምር ገፋ።

«ጠጋ በሉ! ቀጫጭን አይደላችሁ እንዴ!»

«ሰው ሳይሆን ወንበር ቁጠር» አለችው ልጄ።

ረዳቱ ሳቀባት። «እህቴ፣ ኢንጂነር ነሽ እንዴ?»

«አትሳደብ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።