በጥቁር ቱታ የሮጥኩበት ማለዳ

ሩጪ ያለችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። ስኳሬ ከፍ ብሎ ተገኘና «መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት እስቲ ሦስት ወር ሩጪ፤ በሳምንት አራት ቀን ይበቃሻል» አለችኝ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። አርባ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ አስተማሪ ነኝ፤ በከተማችን በመሐል ሜዳ ጎዳና ሳልፍ «ቲቸር» የማይለኝ ወጣት ጥቂት ነው። ስለዚህ ያስጨነቀኝ ሩጫው አልነበረም፤ ምን ለብሼ የሚለው ነው።

የትምህርት ቤታችንን የስፖርት መምህር አማከርኩት። ቁም ነገረኛ ሰው ነው፣ ከተጠየቀ አያሳጥርም። «ገንዘብሽን ጫማው ላይ ጨርሺው» አለኝ። «ሶሉ ወፍራም ይሁን፤ ከቁጥርሽም በትንሹ ከፍ ይበል፣ እግር ሲሮጥ ያብጣል። ካልሲ የጥጥ እንዳትገዢ፣ ላብ ይዞ ይልጥሻል። ለብርዱ ቀጭን የንፋስ ጃኬትና ጓንት።» ከዚያ አቀረቀረና «ላዩንም… ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ የሴቶች ነገር አለ፤ ባለሱቋን ጠይቂያት» አለ። ሁለታችንም ግድግዳ ግድግዳውን አየን። በመጨረሻ ግን ቀና ብሎ «የቱታሽ ቀለም ደማቅ ይሁን፤ ቢጫ ወይ ብርቱካናማ። ጉም ሲወርድ ሹፌር ይይሽ፤ ሰውም ከሩቁ ስፖርተኛ መሆንሽን ይወቅ» አለኝ።

ሌላውን ሁሉ ሰማሁት። ይቺን የመጨረሻዋን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ደብረ ብርሃን ወርጄ ስገዛ ባለሱቋ ቢጫውን ቱታ ዘርግታ «ያምርብሻል» ብትለኝ፣ ተማሪዎቼ አጥር ላይ ተደርድረው ሲያፏጩብኝ ታየኝ። ጥቁሩን አነሳሁ። ጥቁር ቆሻሻ አያሳይም፣ ጥቁር ሰውነት ይሰበስባል እያልኩ ለራሴ ሰበብ ደረደርኩ። እውነቱ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ከልጅነቴ ጀምሮ ያጠቃኛል፤ ከኪሴ ገንዘብ አስወጥቶ ልብስ ሲያስመርጠኝ ግን ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር።

ቤቴ ገብቼ ስለካው ሱሪው ዳሌዬ ላይ ጠበበ። እንዲሸፍንልኝ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ አሰርኩት። ጥቁር ልብስ፣ ወገብ ላይ የታሰረ ነጠላ! ስንት ለቅሶ እንደዚያ ታጥቄ ሄጃለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ያየሁት ግን ዳሌዬን ብቻ ነው።

መንገዱንም በፍርሃቴ መረጥኩት። ተማሪ እንዳያየኝ ገና ጎህ ሲቀድ ወጥቼ፣ ከከተማው ውጭ ያለውን የገጠር መንገድ ይዤ፣ ጉብታውን ተሻግሬ ለመመለስ አሰብኩ። ከጉብታው ማዶ ካሉት ቤቶች አንዱ የአንዲት የድሮ ተማሪዬ እናት ቤት ነው። ልጅቷ ዐረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል። እናትዬው ስልክ የላቸውም፣ ሰፈሩም ጎድጓዳ ስለሆነ ኔትወርክ አይገባውም። ስለዚህ የምትደውለው ለእኔ ነው፤ መልእክቱን አደርሳለሁ። በዚያ ሰሞን ከደወለች ሁለት ወር አልፎ ነበር። እናትዬው ባገኙኝ ቁጥር «ምንም የለም?» ይሉኛል። «ምንም የለም እማማ፣ ትደውላለች» እላለሁ። ከእኔ በቀር ወሬ የሚያመጣላቸው ሰው አልነበረም።

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ይህንን የማላውቅ ሆኜ አይደለም።

ያን ቀን ውርጩ መሬቱን አንጥቶታል። ጫማዬ እውነትም ጥሩ ነበር፤ እግሬ ቀሎኝ፣ ደስ ብሎኝ ጉብታው ላይ ስወጣ እናትዬው በጎቻቸውን ከጋጥ ሲያስወጡ አየኋቸው። እጄን አንስቼ ሰላም አልኳቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ «ወይኔ ልጄን!» ብለው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

በመጀመሪያው ጩኸት ገባኝ። በመሐላችን ያለው ርቀት ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስ ነው። «ስፖርት ነው!» ብዬ ብጮህ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ከየቤቱ ሰው ወጣ፣ ወንዶቹም ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወጡ፤ ከመካከላቸው እዚያው ሰፈር የሚኖሩትን የነፍስ አባቴን አየሁ። ነጠላዬ በሩጫው ላልቶ ወርዷል። በተጣበቀ ሱሪ የነፍስ አባቴ ፊት ልቆም ነው! ዞርኩና ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ ሮጬ አላውቅም።

ቤቴ ገብቼ ተጣጠብኩ፣ ረጅሙን ቀሚሴን ለበስኩ። ይኼኔ እኮ ገብቷቸዋል እያልኩ ፀጉሬን እንኳ አበጠርኩ። ጫማ ቀይሬ ተመልሼ እስክደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄዷል። ጉብታው ላይ ስወጣ ለቅሶው ብሶ ጠበቀኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። አንዲት ሴት «መምህርቷ መጣች፤ ቅድም መናገር አቅቷት ነው የተመለሰችው» ስትል ሰማኋት። ለካ መሸሼ መርዶውን አጽንቶት ኖሯል።

እናትዬው መሬት ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ነጭተውት ጉንጫቸው ደም በደም ሆኗል። እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

«እማማ፣ አልሞተችም! የሞተ ሰው የለም!»

«ታዲያ ምን ሰምተሽ ነው የምትሮጪው?» አሉኝ የነፍስ አባቴ።

«ምንም አልሰማሁም አባ። ለጤናዬ ብዬ ስፖርት ስሠራ ነው።»

«ይቺ እናት ስታለቅስ አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«አይተሽ ተመለስሽ?»

«ሱሪ ለብሼ ነበር አባ… አፈርኩ።»

ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቢስቁብኝ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሁሉም ከእግር እስከ ራሴ ያዩኝ ጀመር። እናትዬው ግን ክንዴን ይዘው «ደወለችልሽ?» አሉኝ። አልደወለችም። ደህና ናት ለማለት እንኳ በእጄ የያዝኩት ነገር አልነበረም። ያቺ ቅድም የተናገረችው ሴት «እንኳንም ውሸት ሆነ፣ እንኳንም!» ብላ አነሳቻቸውና ፊታቸውን ልታጥባቸው ወደ ቤት ይዛቸው ገባች። እኔ ያን ማለዳ ከሰው ዐይን ለመሸሽ ስል ያደረግሁትን ሁሉ ያየ ሰው አደባባይ ሙሉ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት በገበያ ቀን እናትዬው ቤቴ ተቀምጠው ሳለ ልጅቷ ደወለች። የምትሠራበት ቤት ሰዎች ሌላ ከተማ ወስደዋት፣ ስልኳንም ነጥቀዋት ኖሯል። እናትና ልጅ ተላቀሱ፣ ሳቁ፣ እንደገና ተላቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ የቆየው ሸክሜ የወረደልኝ መሰለኝ።

«ቲቸር፣ በቪዲዮ አድርጊልኝ» አለች ልጅቷ። «የእማዬን ፊት ካየሁ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው።»

እናትዬው ደንግጠው ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ሳቡት። የጉንጫቸው ቁስል ገና ቅርፊቱን አላራገፈም። በጣታቸው ጠቅሰው አስጠጉኝና በጆሮዬ «ኔትወርኩ አልቻለም በያት» አሉኝ። «ምን ሆነሽ ነው ብትለኝ አንቺን ልወቅስ ነው?»

ስልኬን አየሁት። ኔትወርኩ ሙሉ ነው።

«ኔትወርኩ እምቢ አለ» አልኳት።

«ወይኔ! ዛሬ እንኳ?» አለች። «እሺ ቲቸር፣ አንቺ አይተሽ ንገሪኝ፤ ፊቷ እንዴት ነው?» አለችኝ።

እናትዬውን አየኋቸው።

«ደህና ናቸው፤ ምንም አልሆኑም» አልኳት። እናትዬውም ከነጠላቸው ሥር ሆነው፣ ጎሽ ሲሉኝ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።