የነቃሿ ድድ

ወረታ ከገበያው ጀርባ እናኑ የምትባል ነቃሽ ነበረች። የፎገራ ሜዳ ልጃገረዶች ለባል ሲደርሱ የእሷን ደጃፍ ሳይረግጡ አያልፉም። ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ትለውሳለች፤ ከዚያ ድዳቸውን በመርፌ እየወጋች ታጠቁራለች። ድድ ሲጠቁር ጥርስ ወተት ይመስላል። ነገሩ ግን የመልክ ብቻ አይደለም። የአማቶች ሂሳብ ሌላ ነው፦ «ያን መርፌ የቻለች ምጥንም ትችላለች» ይላሉ።

ስለዚህ ለልጇ ሚስት ልታይ የምትሄድ እናት ጨዋታ ማወቅ አለባት። ልጅቱን ታስቃታለች፤ ልጅቱ ስትስቅ ድዷን ታያለች። ጥቁር ከሆነ ሽማግሌ ይላካል። ቀይ ከሆነ የቀረበላትን ጠላ ጠጥታ፣ መርቃ ትወጣለች። ተመልሳም አትመጣም።

የእናኑ ጉድ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። የራሷ ድድ እንደ በርበሬ ቀይ ነበር።

እናቷም ነቃሽ ነበረች። እናኑ ልጅ ሳለች እናቷ አስቀምጣ መርፌውን ገና አንዴ ስታሳርፍባት ጣቷን ነክሳት አመለጠች፤ ሲመሽ ከከብቶች መሀል ተገኘች። እናትየው ጣቷ ሳይድን ተስፋ ቆረጠች። መርፌውን በኋላ እናኑ ወረሰች፤ ራሷ ሳትነቀስ ሌላውን ስትወጋ ኖረች። ሳቅ ሲመጣባት ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ትስባለች። ሰው «አቤት ጭምትነቷ!» ይላል።

ደርግ ከገባ በኋላ ሥራው ቀዘቀዘ። የመሠረተ ትምህርት ዘማቾች መጥተው ንቅሳት ጎጂ ባህል ነው ብለው ሰውን በስብሰባ አስጨበጨቡ። ያጨበጨቡት እናቶች በማግስቱ ልጆቻቸውን በጓሮ በኩል አስገቡላት፤ ቢሆንም ከዓመት ዓመት እያነሱ ሄዱ። እናኑ አንዴ አግብታ ፈትታለች። ዕድሜዋ እየገፋ ነው፤ ብቻዋን የምትበላው እንጀራም ሰልችቷታል።

በዚህ መሀል መንግሥቴ የሚባል የርብ ወንዝ ዳር ገበሬ እህቱን ሊያስነቅስ መጣ። ትከሻው በር ይዘጋል፤ አንገቱ የፎገራ ኮርማ ነው። እህቱ ውስጥ ስትጮህ እሱ ውጭ ቆሞ አብሯት ያለቅሳል። እናኑ መርፌዋን እንደያዘች በበሩ ስንጥቅ አየችው። አየችው፣ ዓይኗም እዚያው ቀረ። የዚያን ቀን የልጅቱን ድድ ከወትሮው አብዝታ ወጋችው ይባላል፤ ሰውየው እንዲቆይላት።

እሱም ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ለእሜቴ ማናዬ «ያችን ነቃሽ እፈልጋለሁ» አለ። ሚስቱ በወባ ሞታበት ሁለት ክረምት አልፎታል። እሜቴ ማናዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ወረታ ወረዱ።

እናኑ ገና ከበር ስታያቸው ለምን እንደመጡ ገባት። ከሳቀች መንግሥቴም ይቀራል፤ ወሬው ከወጣ ደግሞ መርፌዋም ይቀራል። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ከፍ አደረገች።

«ብርድ ነው እንዴ?» አሉ አሮጊቷ።

«ጥርሴን አሞኝ ነው፣ እሜቴ።»

«የነቃሽ ጥርስም ይታመማል?» ተደላድለው ተቀመጡ። «ሟቹ ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንድ ቀን ጅብ ፈርቶ ጎታ ውስጥ ገባ። ጅቡ ሄደ፤ እሱ ግን መውጣት አቃተው። 'ጎታውን አፍርሽልኝ' ይለኛል። ጎታው አዲስ ነው። ባልማ ሌላም ይገኛል!»

እናኑ ከንፈሯን ነከሰች። ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ።

«ስቂ እንጂ፣ ግብር የለበትም።»

«ያመኛል፣ እሜቴ።»

አሮጊቷ ስለ ቄሱ አህያ አወሩ፤ ስለ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርና ስለ ጠፋበት ሱሪ አወሩ። እናኑ ሳቋን ለማፈን የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። በመጨረሻ እሜቴ ማናዬ ጨዋታ አለቀባቸውና ያላሰቡት አመለጣቸው።

«እንግዲህ የልጄን ልንገርሽ። አምና ይፋግ ገበያ ላም ሸጠ። ሸጦ ሲዞር ሲዞር፣ አንድ ነጋዴ እጅ ላይ ያቺኑ ላም አያት። 'ቁርጥ የኛን ላም!' ብሎ ጨምሮ ገዝቷት መጣ። ላሟ በረቷን አውቃ ቀድማው ገባች። እሱ ደግሞ 'አያችሁ፣ ቶሎ ለመደችን!' አለ።»

እናኑ አልቻለችም። ነጠላው ወደቀ፤ አፏን እስከ ጉሮሮዋ ከፍታ፣ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። ከሳቋ ቀና ስትል አሮጊቷ አንገታቸውን አስግገው ድዷን ያያሉ።



«ቀይ ነው» አሉ።

«ቀይ ነው፣ እሜቴ።»

«የእኔን ልጅ፣ የዚህን ሁሉ ሰው ልጅ ስትወጊ አንቺ አንዴም አልተወጋሽም?»

«አንዴ ጀምሬ ነበር። አመለጥኩ።»

እናኑ የጠላውን ማንቆርቆሪያ አነሣች፤ ጠጥተው መርቀው የሚወጡበት ሰዓት መሆኑ ነው። እሜቴ ማናዬ ግን እጇን ያዙ።

«ስሚኝ። ፊተኛዋ ምራቴ ድዷ ጥቁር፣ ልቧም እንደ ልጄ ገር ነበር። ሁለቱ ሲተያዩ ጥጃው ወተቱን ጠብቶ ይጨርሳል። እኔ ከብት አርቢ ነኝ። ኮርማው ግዙፍና ገር ከሆነ አጥር የምትዘል ጊደር ይፈለግለታል፤ አለዚያ የሚወለደው ሁሉ ገደል ለገደል ይሄዳል። አንቺ ሕመሙን ለአገር ሁሉ ሸጠሽ ለራስሽ ቅንጣት አልገዛሽም። እንዳንቺ ያለውን ስፈልግ ነው የኖርኩት።»

«ምጡስ?»

«ምጥ ድድ አይጠይቅም። ሁላችንም የወለድነው እየጮህን ነው።»

አገራቸው ሲመለሱ ጎረቤት ከቦ «አሳቋት?» አላቸው። «አሳቅኋት እንጂ! ድዷ ኑግ ነው» ብለው ማሉ። በጥር ሠርግ ሆነ።

ዓመት ሳይሞላ አንድ ቀን መንግሥቴ ሚስቱ ስትስቅ አያትና ግራ ገባው።

«እናኑ፣ ድድሽ ቀይ ነው እኮ!»

«ታጥቦ ነው።»

«ንቅሳት ይታጠባል እንዴ?»

«የርብ ውሃ ያጥበዋል።»

መንግሥቴ ትንሽ አሰበና፣ እህቱ በርብ ውሃ እንዳትጉመጠመጥ ሊነግራት ዱላውን አንሥቶ ወጣ። እሜቴ ማናዬ በበሩ አሻግረው አዩት። ከዚያ ወደ እናኑ ዞረው የገፋ ሆዷን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «ቁመቱን ከአባትህ ውሰድ። ሌላውን በሙሉ ከእናትህ።»